ነጩ የጥርስ ሙሌት ለምን ወለቀ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅጋ ነው፤ መምህርት ነኝ። መስከረም ላይ የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ተቦርቡሮ ነጩን ሙሌት አስሞላሁ። ከጥርሴ አይለይም ነበር። አራት ወር ሳይሞላው የሽንብራ ቆሎ ስበላ ወለቀ። አሁን ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይጠዘጥዘኛል፤ ወዲያው ግን ይተወኛል። አንድ ሰው ‹ነጩ ለፊት ጥርስ እንጂ ለመንጋጋ አይሆንም፤ ጥቁሩ ይሻልሻል› አለኝ። እናቴ ደግሞ ‹አስነቅለሽ ተገላገዪው› ትላለች። የፊት ጥርሴም ከጎኑ ጠቆር ብሏል። እውነት ነጩ ለመንጋጋ አይሆንም? ስንት ዓመት ይቆያል? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከጻፍሽው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «ወዲያው ግን ይተወኛል» ያልሽው ላይ ነው። ለእኔ ትልቁ ዜና እሱ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው ጠዝጥዞ በጥቂት ሰከንድ የሚተው ጥርስ፣ ውስጡ ያለው ነርቭ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም። የተቆጣ ነርቭ በጊዜ ከሸፈኑለት ይረጋጋል። ስለዚህ ጥርስሽ እንደገና ተሞልቶ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። እባክሽ አታስነቅዪው።

ግን ጊዜ አትስጪው። ሙሌቱ የወለቀ ጥርስ ክፍት ነው። ምራቁም ምግቡም ባክቴሪያውም ይገባበታል። ሕመሙ ጠባዩን የቀየረ ቀን ነገሩ ተቀይሯል። ቀዝቃዛው ከተነሳ በኋላ ለደቂቃዎች የሚቆይ ሕመም፣ ትኩስ ሻይ የሚያባብሰው ሕመም፣ ማንም ሳይነካው ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና ወደ ጆሮ የሚወጋ ሕመም ሌላ ታሪክ ነው። ያኔ ሙሌት ብቻውን አይበቃም። የነርቭ ሕክምና፣ ብዙ ሰው ሩት ካናል የሚለው፣ ያስፈልጋል። እሱም ጥርሱን ያተርፋል፤ ግን ምልልሱም ወጪውም ይበዛል። ጉንጭ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

የእናትሽን ምክር አልነቅፍም። በእሳቸው ዕድሜ ገጠር ውስጥ ጥርሱን የታመመ ሰው ምርጫው ሁለት ነበር፦ መቻል ወይም መንቀል። ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ የሚመጡ ብዙ እናቶች ዛሬም «ትል በልቶት ነው» ይሉኛል። ትሉ እንዲወጣ ጢስ ታጥነው፣ አረቄ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው፣ ነጭ ሽንኩርት ወትፈው ይመጣሉ። ትል የለም። ጥርሱን የሚቦረቡረው ባክቴሪያ ከስኳር የሚያመርተው አሲድ ነው። ነጭ ሽንኩርቱና አረቄው ደግሞ ድዱን ያቃጥሉታል። ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ሳይ፣ ሰውየው በጥርሱ ሕመም ላይ ሌላ ሕመም እንደጨመረ አውቃለሁ።

ቅርንፉድ ላይ ግን እናቶቻችን እውነት አላቸው። ውስጡ ያለው ዘይት ለጊዜው ያደነዝዛል። ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህ ዘይት ነጩ ሙሌት እንዳይጠነክር ያውካል። ጥርሱ ውስጥ ቅርንፉድ አድርገሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ።

ማስነቀል ደግሞ «ተገላገልኩ» ተብሎ የሚያበቃ ነገር አይደለም። መንጋጋ ሲነቀል ከላይ ትይዩ ያለው ጥርስ የሚገጥመው ያጣና ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል። በዚያ ጎን ማኘክ ይቀራል፤ ሥራው ሁሉ በሌላው ጎን ይወድቃል። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ሰውየው ሁለተኛ ጥርስ ሊያስነቅል ይመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ነጩ ሙሌት ለመንጋጋ ይሆናል። በዓለም ላይ ዛሬ በብዛት መንጋጋ የሚሞላው በእሱ ነው። ያንቺ የወለቀው ነጭ ስለሆነ አይመስለኝም። ጥርሱን ሳላይ እርግጡን መናገር አልችልም፤ ነገር ግን እንዲህ ባጭር ጊዜ የሚወልቅ ነጭ ሙሌት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው። ሲሠራ ጥርሱ አልደረቀም።

ለምን እንደምጠረጥር ላስረዳሽ። ነጩ ሙሌት ኮምፖዚት ይባላል። ሬዚን የሚባል ሙጫ ነው፤ በውስጡ በጣም የላመ የመስታወት ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ሙጫው ይይዛል፤ መስታወቱ ጥንካሬ ይሰጣል። ሬዚኑን ለጥርስ እንዲሆን አድርጎ የሠራው አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን ነው፤ በ1962፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ግን ሙጫ ቢኖርም ጥርስ ላይ ካልያዘ ምን ይሠራል? ጥርስ የሚያዳልጥና ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ይህን ችግር የፈታው ከቦወን ቀድሞ በ1955 ማይክል ቡኖኮር የተባለ ሐኪም ነው። ፋብሪካዎች ቀለም ብረት ላይ እንዲይዝላቸው ብረቱን በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚያዘጋጁ ያውቅ ነበር። ጥርስ ላይስ ብሞክረው አለ። ሞከረው፤ ሙጫው ያዘ።

አሲዱ የሚሠራውን ነገር ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ለስላሳ ግድግዳ ላይ ምርጊት አይዝም። ግድግዳው መጀመሪያ ይጫራል፣ ይሻክራል። ጭቃው ሽካራው ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ነክሶ ይይዛል። የጥርስ የላይኛው ሽፋን፣ ኢናሜል የምንለው፣ እንዲሁ ነው። አሲዱ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣበታል። ሙጫው እነሱ ውስጥ ሰርጎ ይጠነክራል።

ዛሬ የምንጠቀመው አሲድ 37 በመቶ ገደማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ጄል ነው። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይቆይና በውኃ ይታጠባል። ከዚያ በአየር ሲነፋ አንድ ነገር ይታያል። እስካሁን ሲያብለጨልጭ የነበረው የጥርሱ ጠርዝ ድንገት ይደበዝዛል። ንጹሕ፣ ድፍን ነጭ ይሆናል። አንቺ በየቀኑ የምትይዢውን ጠመኔ ይመስላል። ያን ጠመኔ የመሰለ ጠርዝ ሳላይ ወደሚቀጥለው ሥራ አላልፍም። የሙሌቱ ዕድሜ በአብዛኛው እዚያ ላይ ይወሰናል።

በዚያች ቅጽበት አንዲት ጠብታ ምራቅ ጠርዙን ከነካችው ምራቁ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ጉድጓዶቹን ይደፍናቸዋል። በአየር ብትነፊው የደረቀ ይመስላል፤ ሙጫው ግን የሚገባበት የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደገና አሲድ ቀብቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ መጀመር ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ያችን ጥቂት ደቂቃ መቆጠብ ነው ጉዳቱ።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አይደለም የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ ከአማኑኤል በኩል የመጡ አንድ ገበሬ ተቀበልኩ። የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋቸው ነው። ቀኑ መሽቷል፤ ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው መኪና ሊያመልጣቸው ነው። ምላሳቸው ሥራው ላይ እየመጣ ያስቸግራል፤ ጥጡ ርሷል። አሲዱን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሙጫውን ልቀባ ስል ጠርዙ ላይ ትንሽ ብልጭታ አየሁ። አየሁት። «ይሁን፣ ይይዛል» ብዬ ቀጠልኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው አንድ ነጭ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «ዶክተር፣ አደራዎን አመጣሁልዎ» አሉኝ። ሙሌቱ ነው። አልተሰበረም፣ አልተሸረፈም። ገልብጬ ሥሩን በማጉያ መነጽር አየሁት። እንደ መስታወት ልሙጥ ነበር። ነክሶ ይዞ የነበረ ሙሌት ሲነቀል ሥሩ ላይ የጥርስ ርዝራዥ፣ ሻካራ ነገር ይታያል። ይህ ምንም የለውም። ጥርሱ ላይ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልያዘም። ቆሎውም፣ ዕቃውም፣ እሳቸውም ጥፋት የለባቸውም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያለ ክፍያ እንደገና ሠራሁላቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርዙ ጠመኔ ካልመሰለ እንደገና እጀምራለሁ፤ መኪናም ቢያመልጥ።

ስለዚህ ስትሄጂ «ነጩ ነው ወይስ ጥቁሩ?» ከማለትሽ በፊት «ጥርሴን ከምራቅ እንዴት ነው የሚጠብቁልኝ?» ብለሽ ጠይቂ። ጥያቄው ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል። የተሻለው መንገድ ራበር ዳም ነው። ስስ የላስቲክ መጋረጃ ነው፤ ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለትና የሚሠራው ጥርስ ብቻ በዚያ ብቅ ይላል። ምላሱም ምራቁም ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀራል። አንዳንድ ሰው የሚታፈን ይመስለዋል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ይለመዳል። እሱ በሌለበት ጥቅል ጥጥ ቶሎ ቶሎ እየቀየሩ፣ ምራቅ መምጠጫው ሳይቋረጥ፣ አጠገብ ረዳት ቆሞ ጥሩ ሥራ መሥራት ይቻላል። ሐኪሙ ብቻውን፣ አንድ ጥጥ ወትፎ፣ ሰልፉ እየጠበቀው ከሆነ ግን ሌላ ቀን ብትሄጂ ይሻላል።

ሁለተኛው የሚጠረጠር ነገር መብራቱ ነው። ኮምፖዚት ሲገባ እንደ ሊጥ ለስላሳ ነው። የሚያጠነክረው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ብርሃኑ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ተራው ኮምፖዚት ከ2 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ 20 ሰከንድ ያህል ይበራበታል። ወፍራም ሆኖ እንዲሞላ ተብሎ የተሠራ ዓይነትም አለ፤ እሱም ቢሆን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ልኩ። ጥልቅ መንጋጋ በተራው ዕቃ በአንዴ ከተሞላ ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ሊጥ የሆነ ዳቦ ማለት ነው። ከላይ ሲነኩት ይጠነክራል፤ ሥሩ ግን አልጠነከረም።

እዚህ ላይም ምርጊቱን አስቢው። ጭቃ በአንዴ ወፍሮ ሲለጠፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ኮምፖዚትም ሲጠነክር በመጠኑ ይኮማተራል፤ 2 ወይም 3 በመቶ ያህል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከጥርሱ ግድግዳ ላይ ለመላቀቅ በቂ ጉልበት አለው። በቀጭን በቀጭኑ፣ ጥግ ጥጉን እየያዙ ሲሞሉት ጉልበቱ ይበታተናል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በባትሪ ስለሚሠሩ ሥራው አይቋረጥም። ነገር ግን ባትሪው ሲያረጅ ወይም ጫፉ ላይ የቆየ ሙሌት ሲጋገርበት ብርሃኑ ይደክማል። ለዓይን ያው ሰማያዊ ነው፤ ጉልበቱ ግን የለም። የብርሃኑን ጉልበት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። በየጊዜው የሚለካ ክሊኒክ ካገኘሽ ያዢው። አንቺ ግን ብርሃኑን ትኩር ብለሽ አትዪው፤ ዓይን ይጎዳል።

ሦስተኛው፣ ከሥሩ ያልተጠረገ ብስባሽ ነው። ዛሬ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከነርቩ አፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ለስላሳ ክፍል አውቀን የምንተውበት ጊዜ አለ። ነርቩን ከመክፈት ይሻላል፤ በደንብ ከታሸገ መበስበሱ ይቆማል። ጠርዙ ዙሪያ ግን ምንም መቅረት የለበትም። ጠንካራ፣ ንጹሕ ጠርዝ ከሌለ ሙጫው የሚይዘው የለውም።

ስለ ጥቁሩ የጠየቅሽውን ባጭሩ ልመልስ። ጥቁሩ አማልጋም ነው። የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ከሜርኩሪ ጋር ተለውሶ ይሠራል፤ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ጠንካራ ነው፤ ትንሽ እርጥበትም ይችላል። ከመቶ ዓመት በላይ የሰውን ጥርስ አቆይቷል፤ ክብር ይገባዋል። ችግሩ በተለመደው አሠራር በራሱ አይጣበቅም። ወጥመድ ይፈልጋል፤ ጉድጓዱ ከአፉ ጠበብ፣ ከሥሩ ሰፋ ብሎ መቆፈር አለበት። ለዚያ ሲባል ጤነኛ ጥርስ ይቆረጣል። ሜርኩሪው ደግሞ ለአካባቢ ጥሩ አይደለም። በአውሮፓውያኑ 2013 የጸደቀው፣ ስለ ሜርኩሪ የተደረገው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት አገሮች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱ ያስገድዳል። ለነፍሰ ጡርና ለልጆች አለመጠቀም ይመረጣል። ድሮ ያስሞላው ሰው ግን ይህን ሰምቶ ደህናውን ጥርስ ለማስቆፈር አይሩጥ። የተቀመጠው ካልተሰበረና ከሥሩ ካልበሰበሰ ይቆይ። የሜርኩሪው ትነት የሚበዛው ሲቆፈር ነው።

ሦስተኛ ምርጫ መኖሩን ማንም የነገረሽ አይመስለኝም። ግላስ አዮኖመር ይባላል። እሱም ነጭ ነው፤ ግን እንደ ኮምፖዚት አያምርም፣ ጠንካራ ንክሻም ያን ያህል አይችልም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ያለ አሲዱና ያለ ሙጫው ከጥርስ ጋር በራሱ ይጣበቃል፤ ጥርስን የሚያጠነክረውን ፍሎራይድ ይለቃል፤ ብዙው ዓይነት ያለ መብራትም ይጠነክራል። በአውሮፓውያኑ 1980ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ የጥርስ ሐኪሞች ያለ ኤሌክትሪክ፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ብስባሹን ጠርገው ጥርስ የሚሞሉበትን ዘዴ ጀመሩ፤ ዘዴው በኋላ የተመሠረተው በዚህ ሙሌት ላይ ነው። ገጠር ወርጄ ልጆችን ሳክም እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ምራቁ እምቢ ያለ ታካሚ ሲያጋጥመኝም ኮምፖዚት በእርጥብ ጥርስ ላይ ከማስገደድ ግላስ አዮኖመር ሞልቼ፣ ድዱ ሲረጋጋ እንደገና ብቀጥረው እመርጣለሁ። ላንቺም ቶሎ ቀጠሮ ካጣሽ፣ እዚያው ቅርብሽ ያለ ክሊኒክ በዚህ በጊዜያዊነት እንዲያሽግልሽ ጠይቂ። ነርቩን ያድንልሻል።

ለመንጋጋሽ የኔ ምክር፣ እንግዲህ፣ እንደገና ነጩ ነው፤ ከተቻለ በራበር ዳም። መጀመሪያ ግን ራጅ ተነሺ። ጉድጓዱ ከነርቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ራጁ ያሳያል። ጥርሱ ግድግዳው ሁሉ ተሸራርፎ ከሆነ ሙሌት አይችለውም፤ ክራውን፣ ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍነውን፣ ማልበስ ይሻላል። ሐኪሙ ይህን ካለሽ ገንዘብ ሊያስወጣሽ ፈልጎ ነው ብለሽ አትጠርጥሪ። ግድግዳ የሌለው ቤት በምርጊት ብቻ አይቆምም።

ጉድጓዱ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር በሚነካካበት በኩል ከሆነ ሐኪሙ በጥርሶቹ መካከል ስስ የብረት ቅጠልና ሽብልቅ ያስገባል። ትንሽ ይጫናል፤ ታገሺ። ሙሌቱ ከጎረቤቱ ጋር ጥብቅ ብሎ ካልገጠመ በየምግቡ ሥጋና ጎመን እየተወተፈ ድድሽን ያሳብጠዋል።

ሲያልቅ ባለቀለም ወረቀት አስነክሶ ያይልሻል። እዚህ ላይ አትፈሪ። ከደነዘዘ አፍ ጋር ንክሻን መለየት ይከብዳል፤ «ደህና ነው» ብለሽ ቶሎ ለመውጣት አትቸኩዪ። ቤትሽ ገብተሽ ማደንዘዣው ሲለቅ ያ ጥርስ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚነካ ከመሰለሽ ተመለሺ። ጸጉር የምታክል ከፍታ ስትነክሺ ታሳምማለች፤ ለማስተካከል ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ቀዝቃዛ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢሰማሽ አትደንግጪ። እየቀነሰ መሄድ አለበት። እየባሰ ከሄደ ተመለሺ። ነጩ በመብራት ስለሚጠነክር መብላት ትችያለሽ፤ ከንፈርሽና ምላስሽ እስኪነቁ ድረስ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቂ። ስንቱ ሰው ነው ደንዞ ሳለ ከንፈሩን አኝኮ የሚመጣ!

የፊት ጥርስሽን በተመለከተ፣ ጠቆር ያለ ሁሉ አልተቦረቦረም። የቡና ወይም የሻይ እድፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጥርሶች በሚነካኩበት ጎን ከሆነና ከውስጥ ጥላ የመሰለ ግራጫ ከታየሽ ግን መቦርቦር ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሙ በብርሃንና በራጅ ያጣራል። ሆኖ ከተገኘም ከኋላ፣ ከምላስ በኩል ገብቶ መሥራት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ የፊቱ መልክ ሳይነካ።

ለፊት ጥርስ ቀጠሮሽን ጠዋት አድርጊ። ቀለም የሚመረጠው በቀን ብርሃን፣ በመስኮት አጠገብ ነውና። ነጩ ሙሌት አንድ ነጭ ብቻ አይደለም። ወደ ቡናማ፣ ወደ ግራጫ፣ ወደ ቢጫ የሚያደሉ ዓይነቶች በፊደልና በቁጥር ተለይተው ይመጣሉ። የሚመረጠውም ሥራው ሳይጀመር፣ ጥርሱ በምራቅ እንደራሰ ነው። የደረቀ ጥርስ ነጣ ይላል፤ በዚያ ሰዓት የተመረጠ ቀለም በማግሥቱ አይገጥምም። የከንፈር ቀለም ካለሽ ጥረጊው፤ ዓይን ያታልላል። መስታወት ያዢና አብረሽ ምረጪ። ጥርስሽን የማስነጣት ሐሳብ ካለሽ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪ። ማስነጫው ጥርስን እንጂ ሙሌትን አያነጣም፤ ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ሙሌቱ ለብቻው ይቀራል።

ስንት ዓመት ይቆያል? በደንብ የተሠራ የመንጋጋ ኮምፖዚት ከ5 እስከ 10 ዓመት ይቆያል ብዬ ለታካሚዎቼ እናገራለሁ፤ ከዚያ አልፎ የሚሄድም ብዙ ነው። የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በጠርዙ በኩል እንደገና የሚጀምር መቦርቦር፣ ሌላው ስብራት።

ስብራቱን የሚያመጣው በእኛ አገር ቆሎ ሳይሆን ቆሎ ውስጥ ያለች ጠጠር ናት። ቆሎ አትብዪ አልልሽም፤ ጎጃም ተቀምጦ ማን ይሰማኛል! ብቻ በሚገባ ተለቅሞ ይሁን፤ ሽንብራውን በተሞላው ጥርስ ሳይሆን በሌላው በኩል ቆርጥሚ። ሸንኮራ በፊት ጥርስሽ አትላጪ። የለስላሳ ቆርኪ በጥርስ መክፈት ይቅር፤ ተማሪዎችሽንም ከልክያቸው።

መቦርቦሩን የሚመልሰው ስኳር ነው። አፍ ውስጥ ያለው አሲድ በርትቶ የአሲድ መለኪያው፣ ፒኤች የምንለው፣ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ እስኪያስተካክለው ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ስንት ጊዜ መግባቱ ያሳስበኛል። አንድ ጣፋጭ ሻይ ጠጥቶ መጨረስና ያንኑ ሻይ በፔርሙስ ይዞ ከክፍል ክፍል እየተጎነጩ መዋል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጥርሱን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ ያውላል። ማርም ያው ነው። የጎጃም ማር ሲሆን ደግሞ መናገሩ ይከብደኛል፤ ለባክቴሪያው ግን ማሩም ስኳሩም ልዩነት የላቸውም።

ጠዋትና ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ቦርሺ። ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም የሚል ጽሑፍ ሣጥኑ ላይ ታገኛለሽ፤ የፍሎራይዱ መጠን ነው። ቦርሸሽ ስትጨርሺ አረፋውን ትፊው እንጂ በብዙ ውኃ አትጉመጥመጪ፤ ፍሎራይዱ ይቆይበት። መፋቂያ የምትጠቀሚ ከሆነ ቀጥዪ፤ የወይራ መፋቂያ ፊቱን በደንብ ያጠራል። ነገር ግን ሙሌት የሚበላሸው በጥርሶቹ መካከል ነውና መፋቂያው እዚያ አይደርስም፤ የጥርስ ክር ያስፈልጋል። በጾም ውኃ ወደ ጉሮሮዬ ይገባል ብለው ጠዋት የማይቦርሹ ብዙ ናቸው። እንዲያ ከሆነ የሌሊቱን በምንም አትለፊ። ተኝተን ምራቅ ይቀንሳል፤ ጥርስ ያለ ጠባቂ የሚያድረው ያኔ ነው።

እስክትሠሪው ድረስ በግራ በኩል አኝኪ። ከምግብ በኋላ ለብ ባለ ውኃ ተጉመጥመጪ፤ ጉድጓዱን በለስላሳ ቦርሽ አጽጂ። ማስቲካ፣ ሰም፣ ጥጥ አትወትፊበት። ሕመም ካለ ፓራሲታሞል በልኩ መዋጥ ይቻላል፤ አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ያቃጥላል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ተናገሪ፤ ጥርስ መሙላት አይከለከልም፤ ራጁንና ማደንዘዣውን ሐኪሙ አስቦ ይሠራዋል።

የወለቀውን ቁራጭ ካልጣልሽው ደግሞ በወረቀት ጠቅልለሽ ይዘሽው ሂጂ። ገልብጦ እንዲያየው ለሐኪሙ ስጪው። ሥሩ ልሙጥ ከሆነ ምክንያቱን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ።